ኖራ ቢሆን

ሥልጠና ተጠርቶ አብተው የቀረበት ቀን የለም። ስለ ንብ ሲሉ ሄዷል። ስለ ደን፣ ስለ ብስባሽ፣ ስለ በቆሎ ዘር፣ ስለ አጎበር ሲሉም ሄዷል። ከየሥልጠናው ይዟቸው የመጣቸው ባርኔጣዎች ከምሰሶው ላይ ተደራርበው ተሰቅለዋል። አቧራ ጠጥተዋል። አንዱንም አድርጎት አያውቅም።

መንደሩ ከቡሬ ከተማ ወጣ ብላ ከኮረብታ ሥር ያለች ናት። እዚያ «አብተው የሠለጠነ ሰው ነው» ይባል ነበር። እውነትም ከጓሮው የብስባሽ ጉድጓድ ነበረው፤ በቆሎውን ከሰው ሁሉ ቀድሞ በመስመር የዘራው እሱ ነው፤ ሽንኩርቱም ያምር ነበር። ሰው ይኼን ያደረገው ሥልጠናው ይመስለዋል። ያደረገችው ግን ሚስቱ በለጠች ናት። እሷ ደግሞ አንድም ቀን አዳራሽ ገብታ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አብተው ሲመሽ ከመንገድ ሲገባ በለጠች ዱላውን ትቀበለውና እግሩን ታጥበዋለች። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ምን አሏችሁ?» ትላለች።

እሱም ከአዳራሹ የሰማውን ያወርዳል። ምርታማነት፣ ቅንጅት፣ አቅም ግንባታ። በለጠች እርጥብ እጇን ታወዛውዛለች።

«እሱን ተዉት። ነገ እኛ ምን እናድርግ?»

ለዚህ መልስ ካልተገኘ ራት አይቀርብም። አንድ ጊዜ የሽንኩርት ችግኝ መቼ ከመደብ እንደሚነሳ ሳይጠይቅ መጥቶ፣ በማግስቱ ለዚያች ለአንዲት ቃል ቡሬ ድረስ መልሳ ሰደደችው። ሲሄድ እያጉረመረመ ነበር። ቃሏን ግን ይዞ መጣ።

በለጠች ካቻምና ከፍልሰታ በኋላ አረፈች።

አብተው ሥልጠናውን አልተወም። አዳራሽ ውስጥ ሰው አለ። «ጠጋ በሉ» የሚል፣ ምሳ ሲቀርብ «ይብሉ እንጂ» የሚል ሰው አለ። ነገር ግን የሰማው ሁሉ መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ ያልቅና ደጁን ከፍቶ ሲገባ እጁ ባዶ ነው። የሚጠይቀው የለም። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ ከሰው ልብ ውስጥ አይቆይም።

በዚህ መሀል ከወንዝ ማዶ ያለው ማሳ ታመመ። ስንዴው ከጉልበት አያልፍም፤ ቅጠሉ ገና በነሐሴ ቢጫ ይሆናል። የሚታጨደው ለከብት እንጂ ለጎተራ አልሆነም። ልጁ ያምሮት ፍኖተ ሰላም የመንግሥት ሥራ ይዛ ትኖራለች። ለፋሲካ መጥታ ማሳውንም ቤቱንም አየች። ወጥ የተሠራበትን ድስት ከፈተችና መልሳ ከደነችው።

«አባ፣» አለች፣ «ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ማሳውን ለጎረቤትዎ ለእንዳለው በእኩል እንዲያርሰው ይስጡና እኔ ዘንድ ይምጡ። ኅዳር ላይ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

አብተው ዝም አለ። በዚያ አገር ለልጅ ጥያቄ ዝም ማለት እሺ ማለት ነው። ያምሮትም እንደ እሺታ ቆጥራው ሄደች።

ቤቷን ያውቀዋል። ጠዋት ትወጣለች፤ ማታ ትገባለች። በመካከሉ ከበሩ አጠገብ አንድ ወንበር አለ፤ ከወንበሩ ፊት ለፊት የጎረቤት የቆርቆሮ አጥር አለ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የውሎው ነገር ቆርቆሮ ማየት ብቻ እንደሚሆን ያውቃል። እዚህ ቢያንስ ከማሳው ዳር ሲቆም የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ይታያሉ። በለጠች ከዛፎቹ ሥር ናት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰሞን ፍኖተ ሰላም ላይ ሥልጠና ተጠራ። አብተውና ጎረቤቱ እንዳለው አብረው ተሳፈሩ። እንዳለው በዕድሜ ያንሰዋል፤ በልጅነቱ ዳዊት ተምሮ ትንሽ ቅኔ ቤት የቆየ፣ በኋላ ለሞፈር የተመለሰ ሰው ነው። ምላሱ ግን ከቅኔ ቤቱ አልተመለሰም።

«አያ አብተው፣ የዛሬው ባርኔጣ ቀለሙ ምን ይሆን?»

«ምንም ቢሆን ላንተ እሰጥሃለሁ። ጠጉርህ ሸሽቷል።»

«ሸሽቶስ የት ይደርሳል ብለው ነው! እርስዎ ጋ እንዳልመጣ አያለሁ።»

ከኋላቸው የተቀመጠች ሴት ሳቀች። አብተው ራሱን ዳበሰ። ከሣቀ ቆይቷልና ፊቱ ሊታዘዝለት አልቻለም።

ሥልጠናው ስለ ኮምጣጣ አፈር ነበር። አሠልጣኙ ልዑልሰገድ የሚባል፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ወጣት ነው። መብራቱ ጠፍቶ የግድግዳው ሥዕል ስለማይታይ በአፉ ብቻ ደከመ። መሬቱ ኮምጥጧል፤ መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ግድግዳ የሚቀባበት የነጩ ኖራ ዘመድ፣ ለእርሻ የተፈጨ። ይኼንኑ አምናም ብሏል። ሰዉም ይኼንኑ አምናም ሰምቷል። ላቡን ጠረገና ቆም አለ።

«እስቲ እንነጋገር። አምና ከዚሁ ነበራችሁ። ማን ሠራበት?»

ልዑልሰገድ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሽማግሌ አየ።

«አባቴ፣ እርስዎን አውቅዎታለሁ። ሥልጠና ቀርተው አያውቁም። ማሳዎም ታሟል አሉ። ምነው ሳይሠሩበት ቀሩ?»

አብተው ተነሣ። በዚህ ሁሉ ዘመን አዳራሽ ውስጥ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ዱላውን ጨበጠ። ሊናገር ያሰበው ሌላ ነበር፤ አልችልም፣ አርጅቻለሁ ሊል ነበር። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ኖራ ቢሆን ኖሮ፣» አለ። «ኖራ ቢሆን መሬቱም እንዲህ ባልኮመጠጠ።»

ተቀመጠ።

«ይኸው!» አለ ልዑልሰገድ፣ ጣቱን ቀስሮ። «ችግሩ ይኼ ነው! ሰዉ ዕውቀት አላጣም፤ ኖራ ነው ያጣ። የአቅርቦት ችግር ነው።» ወዲያው ጻፈው።

ከአብተው መንደር የመጡት አቀረቀሩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። እንዳለው ወደ ጆሮው ጠጋ አለ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«አያ አብተው፣ ሰሙን ጻፉልዎ። ወርቁ እዚሁ ቀረ።»

«ዝም በል፣» አለ አብተው። ቅኔ መቁጠሩ አልነበረም። በለጠች በሕይወት ኖራ ቢሆን ማለቱ ነበር።

ያን ማታ ያምሮት ዘንድ አደረ። ራት አቀረበችለት፤ ደክሟታል።

«ምን አሏችሁ አባ?» አለች።

አብተው ቀና አለ። የእናቷ ቃል ነው። የሚቀጥለውን ጠበቀ። ያምሮት ግን ስልኳ ጠራና ተነሥታ ወጣች። ስትመለስ ረስታዋለች። ጥያቄው ከእናቷ ግማሹ ብቻ ነበር የደረሳት።

ግንቦት ሲገባ አንድ ጋሪ ከደጁ ቆመ። ጋሪ ነጂው ነጫጭ ከረጢቶች አውርዶ ከግድግዳው ሥር ደረደረ።

«ምንድን ነው?»

«ኖራ ነዋ! ከወረዳ ነው የተላከልዎ። በስብሰባ ላይ ለምነው የለም እንዴ?»

አልለመንኩም ሊል ነበር። ቢል የሚከተለውን ማስረዳት ሊመጣ ነው። ተወው።

ከረጢቶቹ ቆሙ። ዶሮዪቱ ከላያቸው ላይ መተኛት ጀመረች። አላፊ አግዳሚው «አያ አብተው፣ ቤት ሊያስቀቡ ነው?» ይላል። ደመናው በየቀኑ ከኮረብታው ጀርባ ይከመራል። አብተው ከረጢቶቹን ዞሮ ይወጣል፤ ዞሮ ይገባል። ዝናብ ካገኛቸው ድንጋይ እንደሚሆኑ ያውቃል። ያም ሆኖ አልነካቸውም። ሰው የተመኘው ሌላ ሆኖ ይኼ ቢመጣለት እንዴት ይነካዋል?

አንድ ምሽት ከበሬዎቹ ማደሪያ ተመልሶ ከደጁ ተቀመጠ። ውሃ ቀዳና እግሩን ራሱ አጠበ። ከዚያ ማንም እንደሌለ ዙሪያውን አየና፣

«ምን አሏችሁ?» አለ።

ድምፁ አስጠላው። ግን አንዴ ጀምሯልና መለሰ። መሬቱ ታሟል አሉን። መድኃኒቱ ኖራ ነው አሉን። ከታረሰ በኋላ ይበተናል፣ ተመልሶ ይታረሳል አሉን።

«እሱን ተዉት። ነገ እኛ...» እዚያ ላይ ቆመ። «እኛ» የምትለው ቃል አልወጣ አለች። ውጦ እንደገና ሞከረ። «ነገ ምን ላድርግ?»

መልሱን ፈለገ፤ አጣው። ስንቱን በስንቱ ላይ? ከበተነ በኋላስ ዘሩ መቼ ይገባል? ይኼን ሥልጠና አምናም ዘንድሮም ተቀምጦበታል። ያለው ግን ሊዘራበት የማይችል ቃል ነው። በለጠች ብትኖር ራት ከልክላ ትሰደው ነበር።

ራት ሳይበላ ተኛ።

በማግስቱ ልዑልሰገድ ቡሬ ላይ ሌሎችን እያሠለጠነ መሆኑን ሰምቶ ገሠገሠ። አልተጠራምና አዳራሽ አልገባም። ከጥላ ሥር ቆሞ ምሳ እስኪሆን ጠበቀ። ልዑልሰገድ ሳህን ይዞ ሲወጣ አየው።

«አባቴ! ኖራው ደረሰዎ? ይግቡ፣ ይመገቡ።»

«ለምሳ አልመጣሁም። ለአንድ ቃል ነው።»

«ይጠይቁኝ።»

«ነገ ምን ላድርግ?»

«እንግዲህ የአፈር ኮምጣጣነት በዋናነት የሚከሰተው...»

«እሱን ተወው ልጄ። ነገ። ነገ ጠዋት።»

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም መሰል። ልዑልሰገድ ሳህኑን ከድንጋይ ላይ አኖረና ስለ ማሳው ጠየቀው፤ ስፋቱን፣ ከዚህ ቀደም የተዘራበትን፣ የከረጢቱን ብዛት። አሰላ።

«አባቴ፣ ያለዎ ኖራ ለግማሹ ነው የሚበቃው። ለሁሉም አዳርሳለሁ ብለው እንዳያሳሱት፤ ለአንዱም አይሆንም። ግማሹን ይምረጡ። ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ይበትኑ፤ አፍና አፍንጫዎን በነጠላ ይሸፍኑ። በዚያው ቀን መልሰው በበሬ ይረሱበት። ከዚያ ይተዉት፤ ዘሩ ሐምሌ ሲገባ ነው። ማዳበሪያውን ከዘሩ ጋር እንጂ ከኖራው ጋር እንዳያገናኙ።»

አብተው ቃሉን አንድ በአንድ ደገመለት። አንዷን ተሳሳተ፤ ልዑልሰገድ አረመው። እንደገና ደገመ።

«ጨረስኩ፣» አለ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

መንገዱን ሁሉ ቃሉን ከንፈሩ ላይ ይዞ ሄደ። ሰላም ያሉትን ሰዎች በራሱ ብቻ እጅ ነሣ።

ያለው አንድ በሬ ነው፤ ሌላው የእንዳለው ነው፤ የሚያርሱት ተቀናጅተው ነው። ማለዳ ሄዶ ጠራው።

«በሬህን ስጠኝ።»

እንዳለው ከደጁ ቆሞ ራሱን አከከ። «አያ አብተው፣ ያን ማሳ በእኩል ላርሰው ተስፋ አድርጌ ነበር። በገዛ በሬዬ ከአፌ ሊነጥቁኝ ነው?»

«ነው።»

«እንግዲያ ግድ የለም፣» አለና በሬውን ሊፈታ ገባ።

ኖራውን አብተው ብቻውን በተነ። እንዳለው ላግዝዎ ቢለው እምቢ አለ። ነጩ ዱቄት ከእጁ እየወጣ በጥቁሩ ትልም ላይ ሲያርፍ የሰማው የራሱን ትንፋሽ ብቻ ነው። ከማሳው የመረጠው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ግማሽ ነበር። ለምን ያን እንደመረጠ የጠየቀው ሰው የለም።

በጥቅምት ማሳው ለሁለት ተከፈለ። የታችኛው እንደ ልማዱ ቢጫና ድንክ ነው። የላይኛው ከወገብ በላይ ቆመ፤ ነፋስ ሲመጣ ይተኛል፣ ተመልሶ ይነሣል። መሀላቸው ላይ መስመሩ በገመድ የተሠመረ ይመስላል።

ያምሮት እንዳለችው ኅዳር ላይ መጣች። ባዶ ሻንጣ ይዛለች። አብተው ምንም ሳይላት ወንዙን አሻገራትና ከማሳው ዳር አቆማት። አየች። ወደ ላይኛው ገብታ ዛላውን በእጇ አሸችው። ተመልሳ የታችኛውንም አየች።

«አባ፣ ግማሹ ብቻ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ይበቃል?»

«ለስንት ሰው?» አለ አብተው።

ያምሮት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረች። ዛፎቹን አየች። ከዚያ የዛላውን ገለባ ከእጇ አራገፈች።

እስከ መንገዱ ሸኛት። ሻንጣው ባዶውን ስለነበር በአንድ እጇ አንጠልጥላው ነበር። መኪናው ሲመጣ ጉልበቱን ሳመች።

«ለገና እመጣለሁ።»

«ነይ።»

ቤቱ ሲደርስ መሽቷል። ውሃ ቀዳ፤ እግሩን አጠበ፤ ማጭዱን ከማገሩ አውርዶ ሳለው።

«ነገ እጨዳ ነው፣» አለ ወደ ቤቱ ውስጥ።

የተቃወመው አልነበረም።