ለዝማሬ የተማርኩት ቋንቋ

ቋንቋውን የመረጠችው እማዬ ናት። እኔ ወንድሜን ጠይቄው ነበር፤ እሱ ግን ስልኩ ላይ ሳቀብኝ።

«ልጅህ በምንድን ነው የምታወራው?» አልኩት።

«በፈረንጅኛ ነዋ» አለኝ አምሃ። «በምን ታውራ ታዲያ? እኔ ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። ያሳደገቻት ጎረቤታችን ናት። አማርኛዋ ‹እሺ› እና ‹ነይ ብይ› ላይ ያበቃል።»

አምሃ የሚኖረው ቤልጅየም ውስጥ፣ አንትወርፕ በምትባል ከተማ ነበር። የልጁ የዝማሬ እናት ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል ትታቸው ወደ አገር ቤት ተመልሳለች። እኔና እማዬ ለንደን፣ አርችዌይ፤ እነሱ ደግሞ እዚያ። እማዬ የልጅ ልጇን የምታውቃት በፎቶ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ አምሃ ስልኩን ሲያቀብላት እማዬ «የኔ ማር፣ የኔ ጌጥ» ትላለች፤ ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ዝማሬ እንደኔ ዓይናፋር ናት፤ ስልክ ላይ አትናገርም። እማዬ ትንፋሹን አዳምጣ ስትጨርስ ዓይኗን እየጠራረገች ስልኩን ትዘጋለች። ቋንቋ ልማር ያልኩት ይህን እያየሁ ነው። ከሁለታችን አንዳችን ከዚያች ልጅ ጋር ማውራት ነበረብን።

«ቤልጅጎች የሚናገሩት ፈረንሳይኛ ነው» አለች እማዬ። ማስረጃዋ አባቷ ነበሩ። አያቴ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ ከጣሊያን በፊት ያሠለጠኗቸው የቤልጅግ መኮንኖች ስለነበሩ እስኪሞቱ ድረስ እርምጃ የሚቆጥሩት በፈረንሳይኛ ነበር። «አን፣ ደ፣ አን፣ ደ እያሉ ነው ያሳደጉን» አለች። በእኛ ቤት የአያቴን ቃል የሚጠራጠር የለም። እኔም ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ሰው ሆኜ፣ ኢንተርኔት ላይ ቼክ ላድርግ እንኳ አላልኩም።

ሆሎዌይ አካባቢ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ጽሑፍ ጽሑፉን በደንብ እሠራለሁ፤ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ አውሩ ሲባል ግን ድምፄ አይወጣም። አስተማሪዋ እጇን ወደ ጆሮዋ እያስጠጋች ከፍ አድርጊው ትለኛለች። ቤት ስገባ መታጠቢያ ቤት ገብቼ የቧንቧውን ውሃ ከፍቼ እለማመዳለሁ፤ እማዬ እንዳትሰማኝ ነው። የዕቃዎችን ስም በወረቀት ላይ እየጻፍኩ ቤቱን ሞላሁት።

«ይሄ ፍሪጁ ላይ የለጠፍሽው ምን ይላል?» ትለኛለች እማዬ።

«ፍሪጅ።»

«ይህንንማ ሳልማርም አውቀዋለሁ።»

እንዲህ እያልኩ አንድ ዓመት ተማርኩ። ከኦሎምፒኩ በኋላ ባለው ክረምት አምሃ ልቡን ኦፐሬሽን ሊሆን ነው ተባለ። «ቀላል ነገር ነው፤ እስካገግም ልጅቷ እናንተ ጋ ትሁን» አለ። ጓደኛው ሐብታሙ በባቡር ይዟት መጣ።

ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ቆሜ ስጠብቃቸው የምለውን ዓረፍተ ነገር በልቤ ስደጋግም ነበር። ዝማሬ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰማያዊ ቦርሳ አዝላ፣ የሐብታሙን ጃኬት ጫፍ ይዛ መጣች። ተንበረከክሁና እኔ አክስትሽ እሌኒ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ ጠብቄሻለሁ አልኳት፤ ሕዝብ መሀል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ዝማሬ አየችኝ፤ ከዚያ ቀና ብላ ሐብታሙን አየችው።

«ምን እያልሻት ነው?» አለኝ ሐብታሙ።

«ፈረንሳይኛ ነው።»

«ፈረንሳይኛ? እሷ እኮ ፈረንሳይኛ አታውቅም። በእነሱ ከተማ የሚወራው ደች ነው፤ የሆላንዶቹ ቋንቋ። አምሃ አልነገረሽም?»

አምሃን ከዚያ በላይ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ፈረንሳይኛ እየተማርኩ መሆኑንም አልነገርኩትም፤ ድንገት ላስደንቀው ብዬ። እማዬ ነገሩን ስትሰማ «ታዲያ አባባን ማን ነው ያስተማራቸው?» አለች።

ወረቀቶቹን ከግድግዳው ላይ ያነሣችልኝ ዝማሬ ናት። አንድ በአንድ እየነቀለች ጠረጴዛው ላይ ከመረች፤ ከዚያ ጀርባቸው ላይ በራሷ ቋንቋ መጻፍ ጀመረች። ትምህርቱ የተጀመረው እንዲህ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃው አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ ዘላ ትቀመጣለች። የእንጨት ማንኪያውን ይዛ ዕቃ ትጠቁማለች፤ እኔ ስሙን እናገራለሁ። ከተሳሳትኩ በማንኪያው ጉልበቴን መታ አድርጋ «ኖኽ ኤን ኬር» ትላለች፤ እንደገና ማለት ነው። ትክክል እስክናገር አትለቀኝም። ሲሳካልኝ ፊቷን ኮስተር አድርጋ አንድ ጊዜ ብቻ ታጨበጭባለች። ከእሷ ጋር ስሆን ውሃ አልከፍትም፤ ስህተቴን አላፍርበትም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች፤ ቃሉ ባይገባትም እሷም ታጨበጭባለች።

አንድ ቀን የመስኮቱ ደፍ ላይ ዝንብ ሞቶ አገኘን። ዝማሬ በማንኪያው ጠቆመችና «ዶት» አለች። ዓይኗን ጨፍና ምላሷን አውጥታ፣ አንገቷን ወደ ጎን ጥላ አሳየችኝ። «ዶት» አልኩ። ጉልበቴን መታ አደረገችው። ድምፁን ረዘም አድርጌ እንደገና አልኩ። እንደገና መታችኝ። ያን ቀን ብዙ ሳቅን።

በሳምንቱ ጋሽ ኃይለልዑል ደወሉልኝ። የአባቴ ጓደኛ የነበሩ፣ በማኅበራችን ለሠርግም ለሐዘንም የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። «ከሥራ ስትወጪ ሼፈርድስ ቡሽ ብቅ በይ፤ ለእናትሽ አትንገሪ» አሉኝ። ከባቡሩ ወርጄ ሳያቸው ከእማዬ ወዳጅ ከእትዬ ሸዋረጋ ጋር ገበያው አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ምንም አልገዙም፤ ቦርሳ አልያዙም።

«አምሃ ነው?» አልኩ።

ጋሽ ኃይለልዑል ኮፍያቸውን አወለቁ። እትዬ ሸዋረጋ ጎትተው አስቀመጡኝና እጄን ያዙኝ።

«ኦፐሬሽኑ ላይ ነው ያረፈው» አሉ። «እዚሁ አልቅሺና ይውጣልሽ። ቤት ስትገቢ ፊትሽ እንዳይነበብ።»

አለቀስኩ። ሰው በአጠገባችን ያልፋል፤ እትዬ ሸዋረጋ በነጠላቸው ከለሉኝ። ጥቂት ሲበርድልኝ ጋሽ ኃይለልዑል የመጡበትን ተናገሩ።

«ነገ ማለዳ እንመጣለን። እናትሽን እኛ እናረዳለን። ልጅቷን ግን የምታረጃት አንቺ ነሽ።»

«እኔ አልችልም፣ ጋሼ።»

«ዓመት ሙሉ አልተማርሽም እንዴ?»

«ያ ፈረንሳይኛ ነው። የእሷ ሌላ ነው።»

«ምን ልዩነት አለው፣ ሁሉም የነጭ አፍ ነው» አሉ እትዬ ሸዋረጋ። «ደሞ እናትሽ ነግራኛለች። ከልጅቷ ጋር እንደ ውሃ ነው የምታወራው ብላኛለች።»

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው ማንኪያና ወተት ነው።»

«የተማረ ሰው ሁሌ አላውቅም ይላል» አሉና እጄን መታ መታ አደረጉት።

«ሐብታሙ አይመጣም?»

«እሱ ከሬሳው እንዴት ይለያል? ሌላ ማን አለው እዚያ?»

«ያሳደገቻት ጎረቤት በስልክ ትንገራት። ድምፅዋን ታውቀዋለች።»

ጋሽ ኃይለልዑል ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። «በስልክ?» አሉ። «ልጅ የአባቷን መርዶ ከስልክ ትስማ? ማን ይዟት፣ ማን ደግፏት? እኛ በሕይወት እያለን?» ድምፃቸው አልጮኸም። ያዘኑብኝ ይመስሉ ነበር። «ደግሞ ልጅቷ ትቅደም። እናትሽ ከጮኸች ልጅቷ ትደነግጣለች። አንቺ ነግረሻት ስትወጪ ነው የሚለቀሰው።»

ትክክል አይደለም ማለት ነበረብኝ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ የቤልጅየም ሰው እንፈልግ፣ አንድ ቀን ስጡኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ታላቅ ሰው ፊት አፌ ይያዛል። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ተነሡ።

አውቶቡስ ላይ ስልኬን አውጥቼ ቃላት ፈለግኩ። ስልኩ ቃሉን ይሰጠኛል፤ እንዴት እንደሚባል ግን አያሳየኝም። አባትሽ ይወድሽ ነበር የሚለውን አገኘሁት፤ ማንበብም አቃተኝ። እኛ አለንልሽ የሚለውን ሦስት ዓይነት አድርጎ አመጣልኝ፤ የትኛው ለልጅ እንደሚባል አላወቅኩም። አርችዌይ ስደርስ የያዝኩት ዝማሬ ራሷ ያስተማረችኝን አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

ያን ማታ መደርደሪያው ላይ ወጥታ ጠበቀችኝ። ራሴን አሞኛል አልኩ፤ በምልክት። ማንኪያውን አስቀመጠችና ግንባሬን ዳሰሰች። እማዬ «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አብጧል» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት።

በማግስቱ የበሩ ደወል ሲጮኽ ገና ቁርስ አልቀረበም። የከፈተችው እማዬ ናት። በሩ ላይ ጋሽ ኃይለልዑል፣ እትዬ ሸዋረጋና ሁለት ሴቶች ቆመዋል፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆነው የሚመጡ ሰዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ ለእማዬ መንገር አያስፈልግም። አንድ ልጅ ነው ያላት ከእኔ ሌላ። እጇ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ቀረ። አፏ ሲከፈት አየሁት። እትዬ ሸዋረጋ በጆሮዋ «ልጅቷ፣ ልጅቷ አልሰማችም» አሏት። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችና ነከሰችው። ደግፈው ሳሎን አስገቧት፤ አስቀመጧት።

ዝማሬን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። ፒጃማዋን አልቀየረችም። እንግዶቹን በበሩ ስንጥቅ አየቻቸውና የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፤ ከሰማሁት ውስጥ «ዋሮም» የሚለውን ብቻ ለየሁ፤ ለምን ማለት ነው። አንሥቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኳት። ትምህርት መስሏት ደስ አላት። የእንጨት ማንኪያውን አነሣችና ወተቱን ጠቆመች።

«ዝማሬ» አልኩ። ሁለት እጆቿን ያዝኩ፤ ማንኪያው በመሀከላችን ነው። ጋሽ ኃይለልዑል በሩ ላይ ቆመዋል።

«ፓፓ ኢስ ዶት» አልኩ።

አየችኝ። ወደ መስኮቱ ደፍ ዞራ አየች፤ እዚያ ምንም የለም። መልሳ አፌን አየች፤ ቃል ስታስተምረኝ እንደምታየው። ከዚያ እጇን ከእጄ አውጥታ በማንኪያው በቀስታ መታ አደረገችኝ።

«ኖኽ ኤን ኬር» አለች።

ረዘም አድርጌ፣ እንዳስተማረችኝ አድርጌ እንደገና አልኩት። በዚህ ጊዜ ጥሩ አድርጌ እንደተናገርኩት አውቃለሁ። አላጨበጨበችም። ፊቷ እንዳለ ነው፤ የከንፈሯ ቀለም ግን ተለውጧል። የተቀረውን፣ ያልያዝኩትን ሁሉ፣ በአማርኛ ልላት ፈለግኩ። አፌ ላይ የመጣው የፈረንሳይኛው ዓረፍተ ነገር ነው፤ አክስትሽ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ ጠብቄሻለሁ። እሱንም ዋጥኩት።

«ነገርሻት?» አሉኝ ጋሽ ኃይለልዑል።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ከሳሎን ምንም ድምፅ አይመጣም። እማዬ ነጠላዋን ነክሳ እየጠበቀችኝ ነው። ዝማሬ ማንኪያውን አነሣችና ጉልበቴ ላይ አሳረፈችው፤ ሳትመታኝ፣ እዚያው ያዘችው።

«ኖኽ ኤን ኬር» አለች፤ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እኔ ክፍል ውስጥ እንደምናገረው።

ሦስተኛ ጊዜ አፌን ከፈትኩ።