የኋላው ግራ ጎማ

የብሬት ጎሚስታ ቤት ያለው በረሃውን ሰንጥቆ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ነው። ስልክ እንኳ የሚሠራው ጎሚስታ ቤቱ ባለባት ትንሽ መንደር ውስጥ ብቻ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ታላቅ ወንድሙ ኬልቪን የዳሽቦርዱ የጎማ መብራት አልጠፋ ብሎት ጎራ አለ።

«ባትሪዋ ሞታለች» አለ ብሬት፤ የፊቱን ግራ ጎማ ፈትቶ ውስጡ ያለችውን የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰር እያሳየው። አዲስ ቀየረለትና ለመኪናው ኮምፒውተር አስተዋወቃት። መብራቱ ጠፋ። ከዚያ የፊቶቹ ጎማዎች በጣም ተበልተው ስላየ በየጎናቸው ካሉት ከኋላዎቹ ጋር አቀያየራቸው። ጎማ ቦታ ሲለውጥ ደግሞ የትኛዋ ሴንሰር የት እንደሄደች ኮምፒውተሩ እንደገና መማር አለበት። ብሬት የማስተማሪያዋን መሣሪያ አንስቶ ነበር።

«አብረን እንሂድ» አለው ኬልቪን። «ሽማግሌውን ከሰዓት በኋላ በሐኪሞቹ አውሮፕላን ከኩበር ፒዲ ወደ አደሌድ ትልቁ ሆስፒታል ይወስዱታል። ልቡ ነው። አሁን ከወጣን እንደርስበታለን። ከዚህ በኋላ ላታገኘው ትችላለህ።»

«ማን ጠራኝ?»

«ካርድ ታትሞ ይላክልህ? አባትህ እኮ ነው፣ አንተ ደረቅ!»

«ድርቅናው ከማን የመጣ ይመስልሃል? ከቤት ያባረረኝ እሱ ነው፤ እሱው ይጥራኝ።»

«አፉ ላይ የኦክስጂን ጭንብል ለጥፈውበት እንዴት አድርጎ ይጥራህ?»

ብሬት መሣሪያዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወራት። ክሪኩን አወረደና ቁልፉን ወንድሙ መዳፍ ላይ ጣለለት።

«እንዳይረፍድብህ።»

ኬልቪን አቧራውን አጭሶ ሄደ።

ንዴቱ ሲበርድለት ብሬት መሣሪያዋን አያት። ኮምፒውተሩን ሳያስተምረው ነበር የሸኘው። አሁን የኋላው ግራ ጎማ ቢተነፍስ ዳሽቦርዱ «የፊቱ ግራ ነው» ብሎ ይዋሻል። ደወለ፤ ስልኩ አይገኝም። ፒክአፑን አስነስቶ ተከተለው። መንገዱን ሁሉ ያሰበው ግን ስለ ጎማው ብቻ አልነበረም። ከደረሰበት አብሮት ሊሄድ፣ ሽማግሌው ፊቱን ቢያዞርበት እንኳ እግሩ ሥር ሊቆም ቆርጦ ነበር።

ወንድሙን መንገድ ዳር ተንበርክኮ አገኘው። የኋላው ግራ ጎማ ተቦጫጭቆ ቸርኬው መሬት ነክቷል። የፊቱ ግራ ከበሮ መስሎ ተወጥሯል።

«አልገባኝም» አለ ኬልቪን ላቡን እየጠረገ። «የፊቱ ነው ይለኛል፤ ወርጄ እነፋለሁ። ትንሽ እሄዳለሁ፤ አሁንም የፊቱ ነው ይለኛል፤ ደግሞ እነፋለሁ። በመጨረሻ ይሄኛው ፈነዳልህ! ስኮርታውም የታሰረበት ብሎን ዝጎ አልፈታ አለኝ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። መኪናውን ሳላስተምረው ለቀቅኩህ። ተወው በቃ፣ በኔ መኪና...»

ድምፁን ሁለቱም ሰሙት። አንዲት ትንሽ ነጭ አውሮፕላን ከሰሜን፣ ከኩበር ፒዲ በኩል መጥታ በላያቸው ወደ ደቡብ አለፈች። ኬልቪን የብሎን መፍቻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

ብሬት ኮፍያውን አውልቆ ያውለበልብ ጀመር።

«አያይህም እኮ» አለው ኬልቪን። «በሽተኞቹን በጀርባቸው ነው የሚያስተኟቸው።»

«አውቃለሁ።»

አውሮፕላኗ ነጥብ ሆና እስክትጠፋ ድረስ እጁን አላወረደም።