ተጎጂ አይናገርም

እኔ ካኮረፍኩ አኮረፍኩ ነው፤ ሽማግሌ ቢላክ፣ ቄስ ቢለምን ወይ ፍንክች! ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሳንነጋገር ክረምቱ አልፎ በጋው ገብቷል። ጢሙን አጎፍሮም ቢሆን ቤት ውስጥ ስሙ ማሙሽ ነው። ጥፋቱ? የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማ ላይ እየወጣሁ ጥገና እንደምሠራ ለእናታችን ዘረገፈላት። እኔ «ቢሮ ነው የምሠራው» ብዬ በሰላም አኑሬያት ነበር። የዚያኑ ዕለት ደም ግፊቷ ተነሳና «ወይ እኔን ወይ ማማውን ምረጪ» አለችኝ። ሥራዬን አልተውኩም። ስደውልላት ታነሳለች፤ ስለ ሥራዬ ግን አንድ ቃል አትጠይቀኝም።

ይባስ ብሎ ማሙሽ እኔው ጋ ተቀጠረ። ኩባንያው በየአገሩ የነፋስና የፀሐይ ኃይል ጣቢያ የሚተክል ነው፤ አገሩ ይለያይ እንጂ ደንቡ አንድ ነው። አዲስ ሠራተኛ የማዳን ፈተና ካላለፈ ይሰናበታል። ፈተናው ከማማው አናት አንድ «ተጎጂ» በገመድ ይዞ መሬት ማድረስ ነው። ተጎጂ ልትሆንለት የነበረችው ባልደረባችን ታመመችና ዕዳው እኔ ላይ ወደቀ።

«የቀበቶውን ዘለበት ተፈታተሹ። እየነካችሁ፣ ጮክ ብላችሁ» አለ አሰልጣኙ። ከባሕር ማዶ የመጣ ረጅም ሰው ነው፤ ቋንቋችንን ከነስድቡ ስለለመደ በሌለበት ብቻ ሽመል እንለዋለን።

«ለዚህ ሰውዬ የትከሻው ላልቷል በልልኝ» አልኩት።

«አጥብቄዋለሁ በላት» አለ ማሙሽ።

ሽመል ተራ በተራ አየንና እጁን አጣጠፈ። «ላይ ማን ሊያስታርቃችሁ ነው? የማይነጋገር ጥንድ አይወጣም።»

ቀበቶዬን ልፈታ እጄን ሰደድኩ። ግን ልጁ በእኔ ኩርፊያ ከሥራ ቢባረር እናቴን በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?

«ትከሻህን አጥብቅ» አልኩት ወደ ሌላ ዞሬ።

«እሺ» አለ።

በማማው ሊፍት ወጣን። አናት ላይ በሩ ሲከፈት ነፋሱ በጥፊ ተቀበለን። ደረቴ ላይ የታሰረው ሬዲዮ ክፍት ነው፤ ከታች ሁሉም ይሰማል። «ተጎጂዋ ራሷን ስታለች» አለ ሽመል፤ «ትንፍሽ ካለች ፈተናው ይፈርሳል። አዳኙ ግን መሬት እስኪደርስ ማውራት አለበት።»

መውረድ ጀመርን። «አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ፣ እየወረድን ነው» አለ። ደጋገመው።

«እታለም፣ ወሬ አለቀብኝ። በቃ እውነቱን ልንገርሽ። እማዬ ትከሻሽ ላይ ይህ የማማ ቀበቶ የተወብሽን ሰንበር አየች። ስትጠይቅሽ ‹ምንም አይደለም› አልሻት። ባልሽ የሚደበድብሽ መሰላት! ልትከሰው ጫማዋን አድርጋ ወጥታ ከበር ነው የመለስኳት። ምን ልበላት? ቢሮ ውስጥ ወንበር ደበደባት ልበል?»

ከታች አንዱ ሲስቅ በሬዲዮው ተሰማኝ። እኔ ግን መሳቅም መቆጣትም አማረኝ። አንተ ጅል፣ ይህን ሁሉ ወር ምነው ዝም አልክ? ልለው አፌን ልከፍት ስል ከንፈሬን ነከስኩ።

ሐሳቤን የሰማ ይመስል ቀጠለ። «ልነግርሽ ስመጣ በር ዘጋሽብኝ፤ ስደውል ስልኩን ዘጋሽብኝ። ዛሬ አፍ የለሽም፤ ይህን ደንብ ያወጣውን እግዜር ይስጠው! እማዬ እውነቱን ስትሰማ ‹ብቻዋን ነው የምትወጣው?› ብላ አለቀሰች። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ አምፖል መቀየር የምፈራው ሰውዬ እዚህ ምን እሠራለሁ ብለሽ ነው? ብቻሽን እንዳትወጪ ነው እኮ።»

በተከደነ ዓይኔ እንባዬ ወረደ። ነፋሱ ድንገት አወዛወዘንና ወደ ብረቱ ግድግዳ ወረወረን። ማሙሽ ዞሮ እኔን በደረቱ ከለለ፤ ትከሻው ብረቱ ላይ ሲያርፍ ድው አለ። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ከተናገርኩ ሥራውን ያጣል።

«አይዞሽ» አለ እያቃሰተ፤ «ይዤሻለሁ።»

እግራችን መሬት ሲነካ ሽመል ጎንበስ ብሎ «አልፏል። አሁን መናገር ትችያለሽ» አለኝ። ሠራተኞቹ እርግማኔን ሊሰሙ ከበቡን።

«ትከሻህን አሳየኝ፣ አንተ ደደብ!» ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ሁለታችንም በሰው ፊት ተነፋረቅን፤ ማፈር ቀረ።

ቀበቶውን ሳልፈታ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አሁን ከማማው መውረዴ ነው።»

«ማን አወረደሽ?» አለች።

«ማሙሽ።»

«ተነጋገራችሁ?»

«እሱ ተናገረ። እኔ ሰማሁት።»

«አንቺ? ሰማሽ?» ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁት ቆይቶ ነበር። «እንግዲያውስ ነገም ውጡ።»