ቁራው ያልቀመሰው ሩዝ

ቫሳንት በሞተ በአሥረኛው ቀን ቁራዎቹ እምቢ አሉ።

ከክሪሽና ወንዝ ዳር፣ ከድንጋዩ ደረጃ ላይ፣ ለቫሳንት የቀረበው ድብልብል ሩዝ በቅጠል ተቀምጧል። አጠገቡ ሟቹ ነፍሱ እስኪወጣ የሚወደው የሽንኩርት ጥብስ አለ። ቁራ ወርዶ ካልቀመሰ የሟቹ ልብ እዚህ የተንጠለጠለበት ነገር አለ ማለት ነው። ከቤተ ዘመዱ አንዱ ያንን ነገር ጠርቶ «እኔ እፈጽምልሃለሁ» እስኪለው ድረስ አይሄድም። ይህን በሳንግሊ ከተማ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

ቁራዎቹ ግን ዛፉ ላይ ተደርድረው ቁልቁል ያያሉ። አንዱም አይጮኽም። የቁራ ጩኸት ያስጠላል የሚል ሰው ዝምታውን አልሰማም፤ አያሰማው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ዲንካር «ወንድሜ፣ ልጅህን እኔ እድራታለሁ!» አለ። ንቅንቅ የለም። ልጅቷ ኬታኪ እያለቀሰች «አባዬ፣ ትምህርቴን እጨርሳለሁ» አለች። ምንም።

ሚስቱ ሱላባ ብቻ ቃል አልገባችም። እሷ ታውቃለች።

ካርዶቹን ያገኘቻቸው ከአስከሬኑ ቃጠሎ በኋላ፣ ከሞተር ብስክሌቱ መቀመጫ ሥር ነው። አምስት ክሬዲት ካርዶች። የአንዱን ዕዳ በሌላው እየከፈለ፣ ወለዱ ዋናውን ውጦት ነበር። ሰውየው ለራሱ ጫማ እንኳ አልገዛም። የእናቱ የኩላሊት እጥበት፣ የኬታኪ ኮሌጅ፣ ፍሪጁ፣ ሁሉም የተከፈለው በነዚያ በሚያብረቀርቁ ካርዶች ነው። ሱላባ «ደመወዙ በረከት አለው» እያለች ስታመሰግን ኖራለች። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኸው ነው። ተናደደችበት፤ በሞተ ሰው መናደድ ደግሞ ክፉ ሥቃይ ነው።

ከዚያ የሟቹ ስልክ መጮህ ጀመረ። የሚደውለው ድምፁ ለስላሳ የሆነ፣ የባንኩ ዕዳ ሰብሳቢ ወጣት ነው።

«እናቴ፣ ጋሼ ቫሳንት አሉ?»

«ሞቷል አልኩህ እኮ።»

«እሺ። ታዲያ አሁን በሳቸው ፈንታ የሚናገረው ማን ነው?»

በየቀኑ ይቺኑ ይጠይቃል። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነው ዲንካር አስጠንቅቋታል፦ «እትዬ፣ ካርዱ በሱ ስም ነው፣ ከሱ ጋር ይቃጠል። አንቺ ግን አንዴ ‹እከፍላለሁ› ብለሽ ከተነፈስሽ አለቀልሽ፤ ይቺን ሁለት ክፍል ቤት ይወስዱብሻል። ኬታኪን ይዘሽ የት ልትገቢ ነው? ሆድ ይፍጀው በይ!»

አሁን የቫሳንት ስልክ ሳሪዋ ውስጥ፣ ወገቧ ላይ ተሸጉጧል። አንድ ትልቅ ቁራ ወረደ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ዘለል ዘለል እያለ ሩዙ አጠገብ ሲደርስ ስልኩ ነዘረ። ቁራው አንገቱን አዙሮ ሱላባን አያት። ትንሽ ጠበቀና ተመልሶ በረረ።

«በቃ፣ ከሣር ቁራ ሠርተን ሩዙን እናስነካው» አለ ሥርዓቱን የሚመራው ካህን። «ይፈቀዳል።»

ዲንካር እፎይ አለ። ሱላባ ግን የቁራውን አስተያየት ታውቀዋለች። ቫሳንት በወር መጨረሻ በሩ ላይ ቆሞ፣ የሆነ ነገር ሊላት ፈልጎ፣ «ሻይ አለ?» ብሎ የሚያልፍበት አስተያየት ነው። ስንት ዓመት ሻዩን ብቻ ቀድታለት ኖራለች።

ወደ ሩዙ ጎንበስ አለች።

«እትዬ!» ዲንካር ክንዷን ያዘ። «ተይ! ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው!»

«ዕዳህን እኔ እከፍልልሃለሁ» አለች ጮክ ብላ። «ሂድ አንተ ሰው። በቃህ።»

ቁራዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወረዱ። ቅጠሉ እንኳ አልተረፈም።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«እናቴ፣ ስለ ክፍያው ነበር። እርስዎ እንደሚከፍሉ ተነግሮኝ ነው።»

«ማን ነገረህ? ወንዙ ዳር ነበርክ እንዴ?»

«ኧረ እኔ ያለሁት ዴልሂ ነው! ሳንግሊን በዓይኔም አላየኋት። ጋሼ ቫሳንት ራሳቸው ናቸው ትናንት ረፋድ ላይ በስልካቸው የደወሉልኝ። ‹ከእንግዲህ እኔን አትጥሩኝ፣ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገሩ› አሉኝ።»

ሱላባ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ትናንት ረፋድ ላይ ወንዙ ዳር ሳለች ስልኩ ከወገቧ አልተለየም።

«ድምፁ ደህና ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«በጣም ደህና። እየሳቁ ነበር እኮ።»

ሱላባ ባሏ ሲስቅ ከሰማች ዓመታት አልፈዋል። በሳሪዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«እሺ» አለች። «ስንት ነው ያለብን?»