ደብተሩ ላይ ያለችው ሴት

ደመላሽ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል ሲያደርግባት፣ ወለላ ያሰበችው የሞተ ባሏን አልነበረም፤ ጋቢው ቤንዚን ቤንዚን መሽተቱን ነው። የባሏ ወንድም ሞተር ሳይክሉን በዚሁ ጋቢ ነው እንዴ የሚወለውለው? ወዲያው በራሷ አፈረች። ግዛቸው ከሞተ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው ንፍሮውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። በዚያ ቤት ልማድ፣ በሰልስቱ የሟች ወንድም ጋቢውን መበለቲቱ ላይ ይጥላል። ድንኳኑ እስኪፈርስ ካላወለቀችው ሚስቱ ለመሆን እሺ ብላለች ማለት ነው። ካወለቀችው ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ቡናውም፣ እንሰቱም፣ ልጇም ለባሏ ወገን ይቀራሉ። ደመላሽ ሚስትና አራት ልጆች አሉት። ሚስቱ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ የገዛ ጉልበቷን ታያለች።

"እንግዲህ ልጄ፣ ቤትሽ እንዳይፈርስ ብለን ነው" አሉ የጎሳው ሽማግሌ።

"መሬቱ የእኔም ነው።" የወለላ ድምፅ ራሷ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። "ደብተር አለን። የባልና ሚስት ተብሎ የተሰጠ።"

ደመላሽ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የቆየ ቀልድ ትዝ ያለው ሰው ሳቅ ነው። "ደብተሩ ላይ ያለችው ሴት አንቺ ነሽ እንዴ?"

ሁለት ሦስት ሰዎች አብረውት ሳቁ፤ ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ተዉት። የወለላ ፊት ጋለ። ቀልዱን በቀበሌያቸው በኮንጋ የማያውቅ የለም፤ እሷም ስንት ጊዜ ስቃበታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግዛቸውን አገሩ ሁሉ "ጋሽ ነገ" ይለው ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ ነገ፤ አጥሩ ሲወድቅ ነገ። ደግ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን እጁን አላነሳባትም፣ ገበያ ሄዶ ባዶ እጁን አይመለስም። ግን ነገ ይወድ ነበር። ለመሬት ደብተር የባልና የሚስት ፎቶ አምጡ የተባለ ጊዜ ወለላ ዱመርሶ ባለው የእናቷ ቤት አራስ ነበረች። እሱ እንደ አመሉ ዛሬ ነገ ሲል ከይርጋጨፌ የመጣው ፎቶ አንሺ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። "የሚስትህስ?" ሲሉት ግዛቸው ዞር ሲል እናቱ እማማ መንበረ ጎመን ታቅፈው ሲያልፉ አየ። "ሴት ከሆነ የተፈለገው እናቴ አለች" ብሎ አስቀመጣቸው። የቀበሌው ጸሐፊም ወረፋ በዝቶበት ነበርና፣ "ወለላ" ብሎ ከጻፈው ስም አጠገብ የመንበረን ፊት ለጠፈው።

ወለላ ከአራስ ቤት ተመልሳ ደብተሩን ስትገልጠው፣ "በደብተር ጣውንት አመጣህብኝ?" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን "አስቀይረው" አለችው።

"ነገ" አላት።

አንድ ጊዜ ከወረዳ የመጣች ሴት የቀበሌውን ሰው ሰብስባ "የሴት መብት የሰው መብት ነው" ስትል ወንዶቹ እየተጠቃቀሱ ሳቁ። ወለላ አልሳቀችም፤ ቤት እንደገባች ፎቶውን አስቀይረው ብላ ደግማ ያዘችው። ግዛቸው ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ "ማን ይነካሻል? እኔ እያለሁ!" አላት።

እኔ እያለሁ። ያኔ ነበር፤ አሁን የለም። በሕይወቱ ነገ ሳይል የሠራው አንድ ሥራ ገደለው፤ ቡናው ላይ ጥላ ያበዛውን የዋንዛ ቅርንጫፍ "ዛሬውኑ ልቁረጠው" ብሎ ዛፉ ላይ ወጣና ወደቀ። ወለላ ይህን ባሰበች ቁጥር ትናደዳለች፤ ሙት አይወቀስም እንጂ ብዙ የምትለው ነበራት። ደግሞም በጣም ናፍቋታል።

"ደብተሩን አምጪው።"

የተናገሩት እማማ መንበረ ናቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ከለቅሶ ሌላ ድምፃቸው የተሰማው አሁን ነው። ወለላ ከሣጥን አውጥታ ሰጠቻቸው። ፎቶው የእኔ ነው ካሉ አለቀላት። ለምንስ አይሉም? የቀራቸው ልጅ ደመላሽ ብቻ ነው።

አሮጊቷ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ገልጠው ብዙ ቆዩ። ግዛቸው ከወረቀቱ ላይ ሳቅ ሊያመልጠው እንደደረሰ ያያቸዋል፤ ከጎኑ የተለጠፈው ፎቶ የሳቸው ነው።

"ከልጄ ጋር ያለሁበት ፎቶ ይኼ ብቻ ነው" አሉ።

"ያው እማ፣ አንቺ ነሽ እኮ" አለ ደመላሽ። "ያንቺ ከሆነ የኔም ነው።"

"የግዛቸው አባት የሞተ ጊዜ እኔም ላይ ጋቢ ተጥሎብኛል።"

"አውቃለሁ። አባቴ ነው የጣለው።"

"አንተ የመጣኸው ከዚያ ጋቢ ነው ልጄ። አንተን በመውለዴ አልተጸጸትኩም። ግን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ሠላሳ ዓመት ለበስኩት፤ አንድ ቀን ሞቆኝ አያውቅም።"

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መንበረ፣ ልማድ ነው እኮ። ሴት ትወረሳለች እንጂ አትወርስም።"

"የምትወረሰው ላም ናት!" አሉና ወደ ወለላ ዞሩ። "አንቺስ? ትፈልጊያለሽ?"

ወለላ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሳ አታውቅም።

"አልፈልግም እማማ። ከቤቴም አልወጣም፤ ልጄንም አልሰጥም።"

ተነሣች። ጋቢውን ከትከሻዋ አውርዳ በአራት አጠፈችውና ጥግ ለተቀመጠችው ለደመላሽ ሚስት ሰጠቻት። ሴትየዋ በሁለት እጇ ተቀብላ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ደመላሽ ጋቢውን ሊቀበላት እጁን ዘርግቶ፣ ሚስቱን አየና እጁን መለሰ።

እማማ መንበረ ከአጠገባቸው ካለው የውሃ ጣሳ ጣታቸውን ነከሩ። ጣታቸውን አምጥተው ደብተሩ ላይ፣ የገዛ ፊታቸው ላይ አሳረፉ።

"እማማ፣ ይተዉት!" አለች ወለላ ደንግጣ። "ያለዎት እሱ ብቻ ነው።"

"እዚህ የተጻፈው ስም የማን ነው?"

"የኔ።"

"እንግዲያ ፊቱም ያንቺ ይሁን። ይርጋጨፌ ወርደሽ ፎቶ ተነሺ። ጸሐፊው ፊት ቀርቤ የሆነውን እኔ ራሴ እናገራለሁ።"

"ነገ እንሄዳለን።"

"ነገ አትበይኝ!" ድምፃቸው ተሰበረ። "ዛሬ።"

ሙጫው እስኪለቅ ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያ የራሳቸውን ፎቶ በጥፍራቸው ከጠርዙ ጀምረው ይልጡት ጀመር። ውሃው የልጃቸውን ፊት እንዳይነካው፣ በሌላው መዳፋቸው ከልለውታል።