የቡሬው አባት እንዳሉት

ጂንካ ውስጥ የፍልስፍና ጆርናል ነበረን ስላችሁ ሳቃችሁ አይደል? ሁሉም ይስቃል፣ ለምጄዋለሁ። ቢሮው ከኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። መሃላችን ያለው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ ኮፒ ማሽኑ ሲነሳ የሚልክያስ ጠረጴዛም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ዌብሳይቱን የሠራሁትም የማስተዳድረውም እኔ ነበርኩ፤ ፍልስፍናው ግን የሱ ነው።

ሚልክያስ ኮሌጅ አስተምሮኛል። በዕድሜ ታላቄ ነው፣ ግን አንቱ ካላችሁት ይቆጣል፤ አንቱ እየተባባሉ መከራከር አይቻልም ባይ ነው። ጆርናሉን ሲጀምር የፈለገው ነገር ቀላል ነበር። ማንም ሳይከፍል የሚያነበው፣ ማንም ሳይከፍል የሚጽፍበት፣ ፍልስፍናን ከሕግም ከግብርናም ከጤናም ጋር የሚያገናኝ ነገር። አንዱ ስለ ንብ ማነብና ስለ ፍትሕ ጽፎ ልኮልን አውጥተንለታል፣ ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛ የወጣው ሁሉ ደግሞ በአማርኛም ይወጣል። ይሄንን እንኳን ተወው፣ ሥራ ነው የሚያበዛብህ ያሉት ብዙ ነበሩ። እሱ ግን «ስለ ሰው ጽፈህ ሰውየው ማንበብ ካልቻለ ሐሜት ነው» ይላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጽሑፍ ሲመጣ ሚልክያስ ራሱ የጸሐፊውን ስም ያጠፋና ለገምጋሚዎች ይልከዋል። ገምጋሚው ማን እንደጻፈው አያውቅም፣ ጸሐፊውም ማን እንደገመገመው አያውቅም። ሌላ ቦታም እንደዚሁ ነው። ሚልክያስ ግን አንድ የራሱን ሕግ ጨመረበት፤ የደቡብ ኦሞ ሰው ገምጋሚ አይሆንም። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ እዚህ ስም ብትደብቅ ዋጋ የለውም፣ ሰው በአጻጻፉም በአሳሳሉም ይታወቃል፤ ከዛ አንዱ የአክስቱን ልጅ ያሳልፋል፣ አንዱ የተጣላውን ይጥላል። ስለዚህ ገምጋሚዎቻችን አዲስ አበባ፣ ናይጄሪያ፣ ፊንላንድ ምናምን ናቸው። እኔም ትክክል መስሎኝ ነበር። አሁንም ቢሆን ሐሳቡ ስህተት ነው ማለት ይከብደኛል።

ናርዶስ የምትባል ልጅ አለች፣ ኮሌጁ ውስጥ ታስተምራለች። ወላጆቿ ከወላይታ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፣ እሷ ጂንካ ተወልዳ ያደገች። የጻፈችው ጽሑፍ ዝምታ ውሸት ነው ወይ የሚል ነው። ለዚህ ብላ ከካኮ ከተማ ወዲያ ያሉ ኤርጎ የሚባሉ ሽማግሌ ጋ ተመላልሳለች፣ አንድ ክረምት ሙሉ። ኤርጎ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ የሚከበሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሯት ከረሙና አንድ ቀን ዋናውን ነገሯት።

ነገሩ ደርግ የወደቀ ሰሞን ነው። ወታደሩ ጥሎት የሄደው መሣሪያ በየቤቱ ነበር። ያኔ አንድ ሰው ወንዝ ዳር ሞቶ ተገኘ። የሟቹ ቤተሰብና ጎረቤት ተቀምጦ ተነጋገረና ወንዝ ነው የወሰደው ተባለ፣ ተለቀሰ፣ አለቀ። ኤርጎ ግን በዓይናቸው አይተዋል። ወንዝ አልነበረም፤ ሰው ነው። ማን እንደሆነም ያውቃሉ። ቢናገሩ ያ ሁሉ መሣሪያ እንደሚተኮስ ገባቸውና ዋጡት። ናርዶስ የሳቸውን ንግግር እንዳለ ነው የጻፈችው፦ «እኔ ዝም አልኩ። በኔ ዝምታ ስንት ልጅ ተወልዷል።»

የገዳዩን ስም ለናርዶስም አልነገሯትም። የራሳቸውም ስም እንዳይወጣ አስማሏት። እሷም ቃሏን ጠበቀች። የቀበሌ ስም የለም፣ የወንዝ ስም የለም። ኤርጎ በሚለው ፈንታ የእድሜ እኩዮቻቸው እየሳቁ ሲጠሯቸው የሰማችውን ጻፈች፦ የቡሬው አባት። እሷ የቀልድ ስም ነው የመሰላት፣ ለመደበቂያ የሚመች። እንግዲህ እዛ አካባቢ ወንድ ልጅ በሚወደው በሬ ይጠራል፤ ቡሬው የኤርጎ ዥጉርጉር በሬ ነው። በእናት አባቱ ስም የማያውቀው ሰው ሁሉ በበሬው ያውቀዋል። ከካኮ እስከ አልዱባ ገበያ ብትሄዱ ኤርጎ የሚባል ሞልቷል፤ የቡሬው አባት ግን አንድ ሰው ነው።

ይሄንን የሚያውቅ አንድም ሰው ጽሑፉን ሳይወጣ አላየውም። ፊንላንዳዊው ገምጋሚ የመረጃ ሰጪው ማንነት በጥንቃቄ መጠበቁ ለሌሎች አርአያ ነው ብሎ ጻፈ። ሚልክያስ አንብቦልን ኮራ። አወጣነው።

የአማርኛውን አንድ ተማሪ፣ በጎ ያደረገ መስሎት፣ በድምጹ አንብቦ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ሳምንት አልሞላም፣ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሰምቶታል።

ኤርጎ መጡ። ያመጣቸው ዳርጌ ነው፣ የወንድማቸው ልጅ፣ ሞተር ነው የሚነዳው። ሚልክያስ ተነስቶ ወንበሩን ሰጣቸው፣ አልተቀመጡም። አማርኛቸው የገበያ ስለሆነ ሁሉንም ሰው አንተ ነው የሚሉት፤ ሚልክያስ በሌላ ቀን ቢሆን ይወድላቸው ነበር።

«አንተ ነህ ትልቁ? ወረቀትህን ከሰው ስልክ ውስጥ አውጣ» አሉት።

ናርዶስን አስጠራናት። ገና ስታያቸው ነው ያለቀሰችው። «አባባ፣ እኔ እኮ ስምዎን አላወጣሁም» አለቻቸው።

ኤርጎ አልተቆጧትም። «ልጄ፣ ኤርጎ ብትይ ይሻል ነበር» አሏት። «ኤርጎ ብዙ ነው።»

የቀረውን ዳርጌ ነው ያስረዳን። የሟቹ ወንድም ገበያ መሃል አስቁሟቸው የምን ዝምታ ነው ብሎ ጠይቋቸዋል። የሟቹ ልጅ ቶላ አባቱ ሲሞት የሚጠባ ሕፃን ነበር፣ አሁን ኦሞራቴ ዓሣ ይነግዳል፣ እሱም ሰምቷል። ማንም እስካሁን እጁን አላነሳም። ግን የሟቹና የኤርጎ ቤተሰብ ከአንድ ጉድጓድ ውኃ መቅዳት አቁሟል።

ሚልክያስን ከበደው። የወጣ ጽሑፍ አይጠፋም፣ ይታረማል እንጂ፤ ዛሬ አንዱን ደብዛውን ካጠፋን ነገ ባለሥልጣን ያልጣመውን ሁሉ አጥፉ ሲለን ምን እንላለን አለ። ደግሞ በዛን ሰሞን አንድ የታመኑ ጆርናሎችን የሚመዘግብ ዓለም አቀፍ ማውጫ ሊቀበለን እየመረመረን ነበር፣ ጽሑፍ የሚሰወርበት ጆርናል አይቀበሉም። ይሄንንም ለኤርጎ ነገራቸው፣ እንዴት እንደነገራቸው አላውቅም፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ስሙን አንድ ሽማግሌ በሚል እንቀይረው አላቸው። ኤርጎ የሰማ ሰው የሰማውን ይረሳል ወይ ብለው ጠየቁት። ላስብበት አላቸውና ሄዱ።

ሲያስብ ሰነበተ። ናርዶስ በየቀኑ እየመጣች አጥፋው ትለዋለች፣ እሱ ደግሞ ለናይጄሪያው ፕሮፌሰር ይጽፋል፣ ለፊንላንዱ ይጽፋል። ሁለቱም የሚመልሱለት አንድ ነው፤ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፣ ጽሑፉን ካነሳህ በቦታው ማስታወሻ ተው፣ ለምን እንደተነሳ ይገለጽ። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። በመጨረሻ ዳርጌ ብቻውን መጣ። ታናሽ እህቱ ትምህርት ቤት መሄድ ፈርታለች። ሚልክያስ ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሁሉ ወደ ጎን ገፋና «አጥፋው» አለኝ።

ማስታወሻ ምን ብዬ ልተው ስለው ምንም አለኝ። «ማስታወሻውም ያወራል። ምንም አትተው፣ እንዳልነበረ አድርገው።» በደግነቱ ነው። ያወጣውን ሕግ በሙሉ ለአንድ ሽማግሌ ብሎ ነው የጣሰው። የእንግሊዝኛውንም የአማርኛውንም አጠፋሁት፣ ማስፈንጠሪያውን የሚነካ ሰው ገጹ አልተገኘም የሚል ብቻ ነው የሚያየው። ማውጫው ውስጥ ያሉት ሰዎች ወዲያው ነቁ፤ ማመልከቻችን ውድቅ ሆነ። ሚልክያስ ምንም አልመሰለውም፣ እንደውም ቀለል አለው። ናርዶስም ተረጋጋች።

ሰው ግን አሰበ። ቁጭ ብሎ አሰበ ነው የምላችሁ። ለምን አጠፉት? የገዳዩ ስም ቢኖርበት ነው እንጂ። ማን ነው ታዲያ? ሰው ይሄን ሁሉ ዘመን ለማን ብሎ ዝም ይላል? ለወንድሙ ነው። የቡሬው አባት ወንድም ደግሞ አንድ ነው፣ የዳርጌ አባት። እንግዲህ ይሄንን ሐሳብ ብትገመግሙት ሰንሰለቱ የትም አይበጠስም። ተማሪው የለቀቀው ድምጽም ቢሆን ተቆራርጦ፣ ከፊሉ ጠፍቶ፣ በላዩ ላይ ሰው የራሱን እያወራ ተጨምሮበት ነበር የሚዞረው። ትክክለኛው የት አለ ብሎ የሚያይበት አንድ ቦታ ነበር፣ እሱን እኛ አጠፋነው።

የዳርጌን አባት ከአልዱባ ገበያ ሲመለስ በጥይት መቱት። ዳርጌ በሞተሩ ወደ ጂንካ ይዞት ሲመጣ መንገድ ላይ ሞተ። የተኮሰው የድሮው ሟች ወንድም ነው፣ የቶላ አጎት። ራሱ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ።

ኤርጎ ከቀብሩ በኋላ ለማንም አልተናገሩም። ናርዶስ ሄዳ ደጃቸው ተቀመጠች፣ ውኃ ሰጧት። ወንድማቸው ይሁን አይሁን ያን ቀን ወንዝ ዳር የነበረው፣ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዳርጌ መጣና ጽሑፉን መልሱልኝ አለ። የአባቱ ስም እንደሌለበት ሰው ሁሉ ይይልኝ ነው የሚለው። ሚልክያስ ወዲያው እሺ አለው፣ ነገ ጠዋት ይመለሳል አለው። እኔ ቅጂው ነበረኝ።

ልመልሰው ስል በነጋታው ቶላ መጣ። ከኦሞራቴ በጭነት መኪና ነው የመጣው፣ ጃኬቱ አቧራ ብቻ ነው። ማንነቱን ሲናገር ሚልክያስ ተነሳ፣ የሚመታው መስሎት ነበር መሰለኝ። ቶላ ግን ያንን ጽሑፍ ላንብበው ብቻ ነው ያለው። ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። ጨረሰና እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ይሄ ብቻ ነው?» አለ።

«ይሄ ብቻ ነው» አለ ሚልክያስ።

«ስም የለውም።»

«የለውም። ኖሮትም አያውቅም።»

ቶላ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። «አጎቴ ስልኩን ይዞ ኦሞራቴ ድረስ መጣ። እሱ አያነብም። አንተ ክፈትልኝ አለኝ። ከፈትኩለት። የለም። አጥፍተውታል አልኩት» አለ። «እኔ ነኝ ያልኩት። ሌላ ምንም አላልኩትም። እሱን ሰምቶ ነው የተነሳው።»

ኮፒ ማሽኑ ጠፍቶ ስለነበረ ውጪ ያሉት ባጃጆች ብቻ ይሰማሉ።

ዛሬ ልንመልሰው እንደነበር ሚልክያስ ሲነግረው ቶላ የለመነን ነገር ይሄ ነው፦ አትመልሱት። ገጹ ከተመለሰ የዳርጌ አባት በከንቱ እንደተገደለ አገር ሁሉ ያውቃል፣ ዳርጌና ወንድሞቹም ደም መመለስ ግድ ይሆንባቸዋል። ገዳይ ነበር እየተባለ ከቀረ ግን ደም በደም ተካካሰ ተብሎ ሽማግሌ ሊቀመጥ ይችላል። እኔ ልጅ አለኝ አለ። ልመናውን እንደጨረሰ ወጣ፣ ቻው እንኳን ሳይል።

ሚልክያስን ልጠይቀው አልደፈርኩም። መልሼ ልጫነው ወይስ ልተወው፣ እጄ ማውሱ ላይ ነው። በመጨረሻ ያለኝን ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። «ሁሉንም ዝጋው» አለ። ሁሉንም ማለት? ሁሉንም። ንብ ማነቡንም፣ የወጣውን እትም ሁሉ፣ የዌብሳይቱን አድራሻም። አንድ ገጽ ብቻ ከጎደለ ሰው የሚያስበው ስለዛች ገጽ ነው፤ ጆርናሉ ከሌለ ግን የፈረሰ ነገር ነው፣ ፈረሰ ይባላል። የሰዎች የዓመታት ሥራ እኮ ነው አልኩት። አውቃለሁ አለኝ። ዘጋሁት።

ዳርጌ ከሰዓት መጣ። ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የገባው። ስልኩን አውጥቶ ምንም የለም እኮ አለ።

«ጆርናሉ ተዘግቷል ዳርጌ» አለው ሚልክያስ።

«ነገ ብለኸኝ ነበር።»

«አዎ ብዬህ ነበር።»

ዳርጌ የሆነ ምክንያት የሚነገረው መስሎት ጠበቀ። ቅጂው እኔ ኮምፒውተር ላይ አለ፣ ከቺፑዱ ወዲያ ማዶ፣ ጮክ ብዬ ባነበው ይሰማዋል።

«ስለዚህ አባቴ ገዳይ ሆኖ ይቀራል?» አለ።

ሚልክያስ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አንድ ላይ መሰብሰብ ጀመረ፣ ጠርዛቸውን እያስተካከለ፣ ዳርጌ ወጥቶ የሞተሩ ድምጽ እስኪርቅ ድረስ።