ያልተባዛው ገጽ

ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከአሸተን ተራራ ወርዶ በክፍሉ መስኮት ይገባል። መስታወቱ በጦርነቱ ጊዜ ረግፎ እስካሁን አልተተካም። እየሩስ ከሰሌዳው አጠገብ ቆማ ስታያቸው፣ ኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ከአንገታቸው በላይ ብቻ ነጭ ውሃ ላይ የተንሳፈፉ ይመስሏታል። አንዳንዴ ሕልም አለመሆኑን ለማወቅ ጠመኔውን በጣቶቿ ጫን ታደርገዋለች።

ከፍላቂት ተመድባ ላሊበላ ከመጣች ሁለተኛ ወሯ ነው። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ሥነ ጽሑፍ ታስተምራለች። በዚያ ሳምንት ያነበቡት አጭር ልቦለድ ስለ ጦርነት ነበር፤ አንዲት እህት የዘመተ ወንድሟን በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። እየሩስ ታሪኩን ስታባዛ የመጨረሻውን ገጽ ሆን ብላ አስቀረችው። ሰሌዳው ላይ «እኛ» እና «እነሱ» ብላ ጻፈችና ዞረች።

«በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ የሚባሉት እነማን ናቸው?»

ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

«እሺ፣ መጨረሻውን ራሳችሁ ጻፉት። ደስ ያለኝን ሰኞ ለክፍሉ አነበዋለሁ።»

የክፍል አለቃው አዳም እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሌላ ታሪክ ቢሰጡን?»

«ይኼኛው ምን ሆነ?»

አዳም መስኮቱ ሥር ወደተቀመጠችው ወደ ፍሬ ላለማየት አንገቱን ደፋ። «ይረዝማል» አለ።

«አንተማ የስልክ መልእክትም ይረዝምብሃል!» አለችው አሲያ ከጎኑ። ክፍሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ ጀመረ ቀረ።

ቅዳሜ ወረቀቶቹን ማንበብ ጀመረች። በመጀመሪያው ወንድምየው ይመለሳል። በሁለተኛው በበቅሎ ይመለሳል። በሦስተኛው እያነከሰ፣ ግን እየሳቀ ይመለሳል። ሃያኛው ላይ ስትደርስ ተናደደች። አርባውም መልሰውት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ፍሬ ዘግይታ የጻፈችውን አራት ቦታ አጥፋ በር ላይ ሰጠቻት። እየሩስ ሳታነበው ኪሷ ከተተችውና ሌሎቹን ወረቀቶች በመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው።

«መምህር አረጋ፣ እስቲ ይዩልኝ። አርባ ሰው አንድ መጨረሻ! ተኮራርጀው ነው። ለሁሉም ዜሮ ነው የምሰጠው።»

መምህር አረጋ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ የዚያው አገር ሰው። ሦስት ወረቀት አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት።

«ልጄ፣ አልተኮራረጁም። የፍሬ ወንድም ሞቷል። ሰኔ ላይ ነው የሰማነው። እሷና እናቷ ሲቀሩ አገሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ለምን አልተነገራቸውም?»

«መርዶ እንዲሁ ይነገራል እንዴ? እናትየዋ ብቻዋን ናት። ዛሬ ብናረዳቸው ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ገብሱ ማሳ ላይ ይቀራል። ሽማግሌዎቹ አዝመራው ይግባ አሉ። ከዚያ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበን እንሄዳለን።»

እየሩስ ከዚያ እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ደረጃው ላይ፣ ጉሙ መሃል ቆማ የፍሬን ወረቀት ዘረጋችው።

«ወንድሟ አልተመለሰም። ኮረብታው ላይ ወድቆ ሳለ ከዚያኛው ወገን የሆነ ወታደር አገኘው። ስሙን ስለማያውቅ ወንድሜ ብሎ ጠራው፤ የገዛ ፎጣውንም አለበሰው። እህቱ ይህን በሕልሟ አየች። ከዚያ ወዲህ እነሱ ሲባል በሰማች ቁጥር ያ ፎጣ ይታያታል።»

ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት ሌላ ነገር ነበር።

«ቲቸር፣ ይህን ክፍል ውስጥ አያንብቡት። ከሰኔ ወዲህ ወንድምሽ ደወለ ወይ የሚለኝ ሰው ጠፋ። ያኔ ገባኝ። ጓደኞቼ ግን አታውቅም ብለው ነው የሚያስቡት። በጣም እየደከሙልኝ ነው። እናቴ አታውቅም።»

ክፍል ስትገባ ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር። ፍሬ ጠረጴዛዋን ታያለች። እየሩስ የአሲያን ወረቀት መዘዘች።

በአሲያ ታሪክ ወንድምየው በባጃጅ ይመጣል። ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ይቀረቀርና እስከ ቤት በር ድረስ ገፍቶ ያደርሰዋል። እናቱ አንገቱ ላይ ከመጠምጠሟ በፊት፣ «አንተ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ዘምተህ የሰው ባጃጅ እየገፋህ ትመጣለህ?» ትለዋለች።

መጀመሪያ የሳቀችው ፍሬ ናት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሌሎቹ የእሷን ሳቅ አይተው፣ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው፣ አብረው ሳቁ።

በዚህ ዓመት ከብልባላ የመጣው ሸጋው እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የደራሲው መጨረሻ ግን ምንድን ነው?»

ሳቁ ቆመ። ገጹ በእየሩስ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ፍሬ ቀና አለች።

«እሱ ገና አልተባዛም» አለች እየሩስ፤ ድምፅዋ ለራሷም ከሩቅ መጣባት። «ገብሱ ይግባና አንድ ላይ እናነበዋለን።»

አዳም ደንግጦ አያት። የአሲያ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። ምሥጢሩን መምህርቷ ያወጣችው መስሏቸው ወደ ፍሬ ለማየት እንኳ ፈሩ።

ፍሬ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ጉሙ እየሳሳ፣ ግማሹ የታጨደ ማሳ በተዳፋቱ ላይ ቢጫ ሆኖ መታየት ጀምሯል።

«የእኛ ሦስት ቀን ይበቃዋል፣ ቲቸር» አለች ቀስ ብላ። «ሰው ከረዳን ደግሞ ሁለት።»

አዳም ጉሮሮውን ጠረገ። «ማጭድ ያለው ማነው?» አለ።

አርባ እጅ ወጣ።